ጂቲ-አር ይመለሳል ወይ? ከዱባይ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ዱባይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩትን ኒሳን ጂቲ-አር፣ የ2017 ሞዴሉን፣ ገዝቼ እየነዳሁ እገኛለሁ። ኒሳን በነሐሴ 2025 ማምረቱን አቁሟል። ተተኪው እየመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ታሪኩ አበቃ የሚሉም አሉ፤ ከመጣም ኤሌክትሪክ ነው ይባላል። አሁን አንድ ገዢ ጥሩ ዋጋ አቅርቦልኛል። ልሽጠው ወይስ ልያዘው? ወደፊትስ አዲስ አበባ ይዤው መግባት እችላለሁ?»

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥዎት። ስሙ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን በቅርብ አይሆንም። ሲመለስም በባትሪ ብቻ ከሚሄድ ይልቅ የቤንዚን ሞተርንና የኤሌክትሪክ ሞተርን ያጣመረ ሃይብሪድ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ስለዚህ «አዲሱ ሲመጣ የእኔው ይረክሳል» በሚል ስጋት ለመሸጥ መቸኮል አይኖርብዎትም። እዚህ መደምደሚያ ላይ ያደረሰኝን ግን በዝርዝር ማስረዳት አለብኝ፤ ስለ ጂቲ-አር መመለስ የሚነገረው አብዛኛው ነገር በባትሪና በፈረስ ጉልበት ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ የዚህን መኪና ዕጣ ሁልጊዜም ሲወስን የኖረው ግን የኒሳን ካዝና ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጂቲ-አር ከገበያ ሲጠፋ ይህ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ስካይላይን ጂቲ-አር በ1969 ሲወጣ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ሊትር ሞተር ይዞ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በጃፓን የውድድር ሜዳዎች 50 ያህል ድል አስመዘገበ። በ1973 መጀመሪያ ላይ የመጣው ተከታዩ ግን 197 ብቻ ተሠርቶ ቆመ። ሞተሩ የጃፓን መንግሥት ያወጣውን አዲስ የጭስ ልቀት ደንብ ሊያሟላ አልቻለም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የዓለም የነዳጅ ቀውስ መጣ። ስሙ ለ16 ዓመታት ጠፍቶ የተመለሰው በ1989፣ የጃፓን ኢኮኖሚ እጅግ ባበጠበትና ኩባንያዎች ለምርምር ገንዘብ በማይሳሱበት ዘመን ነው። አር32 ተብሎ የሚታወቀው ያ ትውልድ የሞተሩ መጠን 2.6 ሊትር የሆነበት ምክንያት ራሱ የዘመኑን መንፈስ ያሳያል። በወቅቱ በነበረው የውድድር ሕግ የቱርቦ ሞተር መጠን በ1.7 እየተባዛ ይቆጠር ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ ከ4.5 ሊትር ጣሪያ በታች የሚያርፈውን ልክ አስልተው ሞተሩን ለዚያ ሠሩት። ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና የተካሄዱትን 29 ውድድሮች በሙሉ አሸነፈ፤ በአውስትራሊያም በ1991 እና በ1992 የባተርስትን ታላቅ ውድድር ወሰደ። «ጎድዚላ» የሚለው ስም የወጣለትም ከአውስትራሊያውያን ነው።

ሁለተኛው መጥፋት የመጣው በነሐሴ 2002 ሲሆን፣ ምክንያቱ አሁንም የጭስ ደንብ ነበር። በዚያው ወር በዚያው ደንብ ምክንያት የቶዮታ ሱፕራ፣ የማዝዳ አርኤክስ-7 እና የኒሳን የራሱ ሲልቪያ አብረው ቆመዋል። ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ቁም ነገር ያለው ከዚህ በኋላ በሆነው ላይ ነው። ኒሳን በ1999 በዕዳ ተውጦ ለመክሰር ተቃርቦ ስለነበር፣ የፈረንሳዩ ሬኖ 36.8 በመቶ ድርሻውን ገዝቶ ታደገው፤ በካርሎስ ጎን መሪነትም ፋብሪካ እየተዘጋና ሠራተኛ እየተቀነሰ ወደ ትርፍ ተመለሰ። የአዲሱ ጂቲ-አር ቅድመ ሐሳብ ለሕዝብ የታየው በ2001 በቶኪዮ የመኪና ትርኢት ላይ ነው፤ ዛሬ እርስዎ የሚነዱት አር35 ደግሞ ለገዢ የቀረበው በታኅሣሥ 2007 ነው። ልብ ይበሉ፤ ኩባንያው ቁስሉ እየሻረ፣ መሪው ፈቅዶ፣ ገንዘብ እየገባ ባለበት ጊዜ እንኳ ከትርኢት እስከ ሽያጭ ስድስት ዓመት ፈጅቷል።

ወደ አሁኑ እንምጣ። አር35 18 ዓመት ተመርቶ በነሐሴ 26 ቀን 2025 ከቶቺጊ ፋብሪካ የመጨረሻው ሲወጣ፣ በጠቅላላው 48 ሺህ ያህል ተሠርቶ ነበር። ሲከፋፈል በዓመት ሦስት ሺህ እንኳ አይሞላም። የቆመው ገዢ በማጣቱ ግን አይደለም፤ በአንድ ጀምበር የቆመም አይደለም። በየአገሩ በየተራ ነው የተዘጋበት፦ በአውስትራሊያ በ2021 የጎን ግጭት ደንብ ተቀየረና ቀረ፤ በአውሮፓ በ2022 የድምፅ ደንቡ ጠበቀና ቀረ፤ በሰሜን አሜሪካ በ2024 ተቋረጠ። በጃፓንም የድምፁ ደንብ ሲጠብቅ መሐንዲሶቹ ለ2024 ሞዴል ማርሚታውን እንደ አዲስ ሠርተው አንድ ሁለት ዓመት አተረፉለት፤ በመጨረሻ ግን የመለዋወጫ አቅራቢዎች ለጥቂት መኪና ብለው የቆዩ ዕቃዎችን ማምረት ሲያቆሙ የማዘዣው መዝገብ ተዘጋ።

እነዚህን ደንቦች አሟልቶ ቢያሻሽሉትስ ኖሮ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ መኪናው ከሥር በተሠራበት መንገድ ላይ ይገኛል። በአብዛኛው መኪና ላይ ካምቢዮው ከሞተሩ ጀርባ ተያይዞ ይቀመጣል። በአር35 ላይ ግን ሞተሩ ከፊት ሆኖ ካምቢዮው ከኋላ ቸርኬዎች አጠገብ ተቀምጧል፤ ክብደቱ እንዲመጣጠን ማለት ነው። በዚህም የተነሳ አንድ ዘንግ ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ ኋላ ይወስዳል፤ ሁለተኛ ዘንግ ደግሞ ለፊት ቸርኬዎች የሚደርሰውን መልሶ ወደፊት ያመጣል። ይህን አሠራር ከሌላ የኒሳን መኪና ጋር አይጋራም፤ የታችኛው አካሉም የተቀረጸው ለእርሱ ብቻ ነው። ሞተሩንም ዮኮሃማ ውስጥ ታኩሚ ከሚባሉ የእጅ ባለሙያዎች አንዱ ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገጥሞ ስሙን ይለጥፍበት ነበር። በመኪናው ታሪክ ሁሉ ይህ ማዕረግ የነበራቸው ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእርስዎ ሞተር ላይ ያለውን ሳህን ያንብቡት፤ ከእነርሱ የአንዱ ስም ነው። እንዲህ ያለውን መኪና የጎን ግጭት እንዲቋቋም አድርጎ ማሻሻል ማለት አካሉን ከሥር ጀምሮ እንደገና መቅረጽና መፈተን ማለት ነው፤ ወጪውን የሚሸከሙለት ወንድምና እህት መኪኖች የሉትም። በዚያው ቶቺጊ የሚሠራው ኒሳን ዜድ ዛሬም በሕይወት ያለው ከቀዳሚው መኪና የወረሰው አካልና ኢንፊኒቲ ከሚባሉት የኒሳን የቅንጦት መኪኖች ጋር የተጋራው ሞተር ስላለው ነው።

የካዝናው ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኒሳን በመጋቢት 2025 ለተዘጋው የሒሳብ ዓመት 670.9 ቢሊዮን የን የተጣራ ኪሳራ አስመዝግቧል። 20 ሺህ ሠራተኞችን እንደሚቀንስ፣ 17 የነበሩትን የመኪና ፋብሪካዎችም ወደ 10 እንደሚያወርድ ግንቦት ላይ አስታወቀ፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ከ1961 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የኦፓማ ፋብሪካ በመጋቢት 2028 ማምረት እንደሚያቆም ተናገረ። ኅዳር ላይ በዮኮሃማ የሚገኘውን ዋና መሥሪያ ቤቱን በ97 ቢሊዮን የን ሸጦ በዚያው ሕንፃ ተከራይ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከሆንዳ ጋር ለመዋሐድ በታኅሣሥ 2024 የተጀመረው ንግግር በየካቲት 2025 ፈርሷል። ሕንፃውን ሸጦ ተከራይ የሆነ ኩባንያ በዓመት ጥቂት ሺህ ብቻ ለሚሸጥ መኪና አዲስ አካል ለመቅረጽ ገንዘብ ሊያወጣ የሚችለው፣ ቤተሰብ የሚገዛቸው ተራ መኪኖች እንደገና ማትረፍ ሲጀምሩ ነው። ይህን የምለው ለኒሳን ክፉ ተመኝቼ አይደለም። ለረጅም ዓመታት የጃፓን መኪኖችን ሞተርና ካምቢዮ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ ኩባንያ እንዲተርፍ ከልቤ እሻለሁ፤ ተስፋችን ግን ከሒሳቡ ጋር መታረቅ አለበት።

በሚያዝያ 2025 የኒሳንን መሪነት የተረከቡት ኢቫን ኤስፒኖሳ የመጨረሻው መኪና በወጣ ዕለት፣ ስንብቱ የዘለዓለም እንዳልሆነና ስሙ አንድ ቀን እንዲመለስ ግብ መያዙን ተናግረዋል፤ በዚያው አነጋገራቸው ግን የተጠናቀቀ ዕቅድ እንደሌለ አልሸሸጉም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይደግመዋል። እኔ ክብደት የምሰጠው ለሁለተኛው ነው፤ ዕቅዱ ገና ካልተጠናቀቀ፣ ባለፈው ጊዜ ከትርኢት እስከ ሽያጭ ስድስት ዓመት የፈጀ ሥራ ከዚህ ዐሥርተ ዓመት ማብቂያ በፊት ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ይከብዳልና።

ወደ ኤሌክትሪኩ ጥያቄ ስንመጣ፣ ወሬው የተነሣው ኒሳን በጥቅምት 2023 ቶኪዮ ላይ ሃይፐር ፎርስ የሚባል የማሳያ መኪና በማቅረቡ ነው። ቅርጹ የጂቲ-አርን ፊት በግልጽ ያስታውሳል፤ 1,000 ኪሎዋት፣ ማለትም 1,360 የፈረስ ጉልበት እንዳለው የተነገረለት ሲሆን፣ የሚሠራውም ገና ወደ ገበያ ባልወጣ ጠጣር ባትሪ ነው ተብሏል። በጠጣር ባትሪ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች የሚመላለሱበት ፈሳሽ በጠጣር ነገር ይተካል፤ በዚህም ባትሪው በዚያው ክብደት የበለጠ ኃይል እንዲይዝ፣ ሙቀትንም በተሻለ እንዲቋቋም ይታሰባል። ኒሳን በዮኮሃማ የሙከራ መስመር አቋቁሟል፤ በ2028 የሒሳብ ዓመትም ይህን ባትሪ የያዘ መኪና ለገበያ አቀርባለሁ ብሏል። ይህ ቢሳካ እንኳ የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ውድ መሆናቸው አይቀርም፤ አስተማማኝነታቸውም በዓመታት ውስጥ የሚፈተን ነው።

የዛሬው ባትሪ በዚህ መኪና ላይ ሲጫን ምን እንደሚያስከትል ለማየት ግን ትንበያ አያስፈልገንም። የኒሳን መሐንዲሶች ራሳቸው አንድ የቆየ አር32 ወስደው ሞተሩን አውጥተው እያንዳንዳቸው 160 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችንና 62 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ገጠሙበት፤ በጥር 2025ም በቶኪዮ አሳዩት። ሥራው በፍቅር የተሠራ ለመሆኑ ማስረጃው የጥንቱን ሞተር ድምፅና ማርሽ ሲቀየር የሚሰማውን መንገጫገጭ ሳይቀር በሰው ሠራሽ መንገድ መልሰው መፍጠራቸው ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን 1,430 ኪሎ የነበረው መኪና 1,797 ኪሎ ሆነ። በንጽጽር የእርስዎ መኪና ታንከር 74 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሙሉ ሲሆን የቤንዚኑ ክብደት 55 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ እየነዱ በሄዱ ቁጥር ይቀንሳል። የባትሪ ክብደት አይቀንስም። በመንገድ ላይ ይህ ልዩነት ብዙም ላይሰማ ይችላል፤ በውድድር ሜዳ ግን እያንዳንዱ ኪሎ በፍሬንና በጎማ ላይ ይጫናል፤ ባትሪውም ያለማቋረጥ ከፍተኛ ጉልበት ሲጠየቅ ይግልና ራሱን ለመከላከል ጉልበቱን ይቀንሳል። ጂቲ-አር የተከበረው ደግሞ ያንኑ ዙር ደጋግሞ ሳይደክም በመሮጡ ነው።

በሰሜን አሜሪካ የኒሳን የምርት ዕቅድ ኃላፊዎችም በ2025 ለመኪና ጋዜጠኞች ሲናገሩ ወደ ሃይብሪድ ያዘነበሉት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ባለ 3.8 ሊትሩ የአር35 ሞተር ብሎክ ገና ሊሠራበት የሚችል ጠንካራ መሠረት ነው፤ በ2007 480 የነበረው ጉልበቱ በእርስዎ ሞዴል 570፣ ኒስሞ በሚባለው ለውድድር በተቃኘው ዓይነት ደግሞ 600 የፈረስ ጉልበት ደርሷል። ለጭስ ደንቡ የሞተሩ የላይኛው ክፍልና የጭስ ማጣሪያው መቀየር ይኖርበታል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ከፊት ቸርኬዎች ጋር ቢገናኝ ደግሞ ያ ወደፊት የሚመለሰው ሁለተኛ ዘንግ ጨርሶ ይቀራል። እንደ ባለሙያ ስመለከተው ከሁሉ የሚያጓጓኝ መንገድ ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብኝ። ሆንዳ በ2005 ያቆመውን ኤንኤስኤክስ በ2016 ሃይብሪድ አድርጎ መልሶት ነበር። መኪናው ፈጣንና በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆንም እስከ 2022 ድረስ የተሸጠው ሦስት ሺህ እንኳ አልሞላም። ቶዮታ በበኩሉ ሱፕራን የመለሰው ከቢኤምደብሊው ጋር ወጪ ተካፍሎ ነው። ኒሳን ብቻውን ከሚደክም እንዲህ ያለ አጋር ቢያገኝ ጂቲ-አር በፍጥነት ይመለሳል ብዬ እገምታለሁ፤ የሆንዳ ውሕደት ቢፈርስም በኤሌክትሪክና በሶፍትዌር ረገድ መተባበሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ስለዚህ የመኪናውን መመለስ መከታተል ከፈለጉ ከማሳያ መኪናዎቹ ይልቅ በየዓመቱ ግንቦት ላይ የሚወጣውን የኒሳንን ዓመታዊ ሒሳብ ያንብቡ።

አሁን ወደ ራስዎ መኪና። ለትርፍ ብለው ሊይዙት ከሆነ ግልጹን ልንገርዎት፦ የ2017 ተራ ሞዴል በአጭር ጊዜ በ2002 ምርቱ እንደቆመው አር34 አይሆንም። አር34 ጂቲ-አር ከ12 ሺህ ያነሰ ነው የተሠራው፤ በአሜሪካ ለዚያ ገበያ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ሳይሞላው እንዳይገባ በሚከለክለው ሕግ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ቆይቶ ከ2024 ጀምሮ ነው በሕግ መግባት የቻለው፤ ዋጋውን የሰቀለው ይህ እጥረትና ጥበቃ ነው። አር35 ግን 48 ሺህ አለ፤ አሜሪካም ሲሸጥ ነበር። የሚቀርበው ንጽጽር 44 ሺህ ያህል የተሠራው አር32 ነው፤ እርሱም ለብዙ ዓመታት ርካሽ አሮጌ መኪና ሆኖ ቆይቶ ነው ውድ የሆነው። ሊወዱትና ሊነዱት ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። የ2017ቱ ማሻሻያ የውስጥ ክፍሉን፣ የድምፅ መከላከያውንና የአካሉን ጥንካሬ በእጅጉ ያሳደገ ነው፤ መለዋወጫውም ገና በብዛት ይገኛል። ኒሳን ለአር32 የቆሙ ዕቃዎችን ከ2017 ጀምሮ በቅርስ ፕሮግራም እንደገና ማምረቱ ደግሞ ለወደፊቱ ተስፋ ይሰጣል።

በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ትልቁ ጠላቱ የካምቢዮው ዘይት ነው። ከ45 ዲግሪ በላይ በሚሆን ቀን በውድድር ሜዳ ላይ የሚነዱ ከሆነ በማሳያው ላይ ያለውን የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ዐይንዎ ከእርሱ እንዳይለይ፤ ዘይቱንም ኩባንያው ለዚህ ካምቢዮ በሚያዘው ልዩ ዘይት ብቻ፣ ከመመሪያው ቀነ ገደብ ቀደም ብለው ያስቀይሩ። ርካሽ ምትክ ገብቶበት የተበላሸ ካምቢዮ ከፍቼ አይቻለሁ፤ በዘይቱ የተቆጠበው ገንዘብ ከጥገናው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ከሞተሩ ጀርባ የኳኳታ ድምፅ ከሰሙ የዘንጉ ኩሽኔታ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ያስመርምሩት። የሞተሩን ኮምፒውተር አስከፍተው ጉልበት አያስጨምሩ፤ ቀድሞ ተጨምሮበት ከሆነም የወጡትን የፋብሪካ ዕቃዎች ፈልገው ያስቀምጡ። ገዢዎች ወደፊት የሚፈልጉት ያልተነካካውን ነው።

አዲስ አበባ ይዘው ለመግባት ያሰቡትን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ውሳኔዎን በዚህ ተስፋ ላይ እንዳይመሠርቱ እመክርዎታለሁ። መኪናው የሚፈልገው ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚንና ዝቅ ብሎ ለሚሄደው አካሉ የሚስማማ መንገድም ባሉበት ቢቆይ ይሻለዋል።

ገንዘቡ ለቤት ወይም ለልጆች ትምህርት የሚያስፈልግዎ ካልሆነ በስተቀር እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አልሸጠውም፤ የቀረበልዎትን ዋጋ በማስታወሻ ይዤ፣ የሚቀጥለው በጋ ሳይገባ የካምቢዮውን ዘይት አስቀይሬ፣ ደረሰኙን ከጥገና መዝገቡ ጋር አስቀምጠው ነበር።